ጆሮ ጠቢው ካሜራ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት እዚህ ፓሪስ፣ በአንድ ወዳጃችን ልጅ ክርስትና ላይ ተሰብስበን ነበር። ጨዋታው እንደ ልማዱ ከኑሮ ውድነት ተነሥቶ፣ በአገር ቤት ፖለቲካ በኩል አልፎ፣ በመጨረሻ የከተማው ጩኸት ላይ ደረሰ። እኔም ለወራት በሆዴ ይዤው የቆየሁትን አወጣሁ፤ ማርሚታቸውን አስቀድደው ሌሊቱን ሙሉ በመስኮታችን ሥር የሚያጓሩትን ሞተር ብስክሌቶች እየለየ የሚመዘግበው የድምፅ ካሜራ በየሰፈሩ ሊተከል ይገባል አልሁ። በደርግ ዘመን ለዓመታት የታሰሩ አንድ አዛውንት ሲኒያቸውን አስቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ። «ዶክተር፣ እኛ እኮ ከሥጋ ለባሹ ጆሮ ጠቢ ሸሽተን ነው እዚህ የመጣነው። አንተ ደግሞ የብረት ጆሮ ጠቢ ይተከልልን ትላለህ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሌሊት ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ግን ሳቁ አለፈ፣ ጥያቄው ቀረ። ይህ ጽሑፍ ለእኚህ አባት የምሰጠው መልስ ነው። በዚያ ቀን በሳቅ የተሸነፍሁት ሐሳቤ ስለተሳሳተ ሳይሆን ስላላዘጋጀሁት ነውና፣ አሁን በሥርዓቱ ላቅርበው።

ነገሩን ላልተከታተሉ አንባብያን በቅድሚያ ባጭሩ ላስረዳ። (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፈረንሳይ ምክር ቤት በኖቬምበር 2019 ያጸደቀው የመጓጓዣ ሕግ የተሽከርካሪን ድምፅ በራሱ የሚለካ መሣሪያ በሙከራ እንዲተከል ፈቀደ። የአፈጻጸም ደንቡ በጃንዋሪ 2022 ወጣ። ለሙከራ ከተመረጡት ስፍራዎች መካከል ፓሪስ፣ ኒስ፣ ቱሉዝ፣ በሊዮን አጠገብ ያለችው ብሮን፣ እንዲሁም የቅዳሜና እሑድ ሞተረኞች የሚጋልቡባት ትንሿ ሳን ላምበር ደ ቧ ይገኙባቸዋል። በፓሪስ አንዱ መሣሪያ በፌብሩዋሪ 2022 በ20ኛው ወረዳ በአቭሮን ጎዳና ተሰቀለ። የተቀመጠው ወሰን 85 ዴሲቤል፣ የታሰበው ቅጣት 135 ዩሮ ነው። ያበጀው በፓሪስና በዙሪያዋ ያለውን ድምፅ የሚከታተለው ብሩይፓሪፍ የተባለ ተቋም ሲሆን፣ ስሙንም በፈረንሳይኛ «ኢድር» ብሎታል። የእኛን እድር እንዳያስመስልባችሁ፤ በግሪኮች ተረት ያለውን ባለ ብዙ ራስ እባብ ማለቱ ነው።

በሙያዬ የፊዚክስ መምህር ነኝና አሠራሩን እንዳብራራ ይፈቀድልኝ። መሣሪያው በጥቂት ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ማይክሮፎኖች አሉት። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከአንድ ሞተር የወጣው ድምፅ በሁሉም ማይክሮፎኖች ላይ እኩል አይደርስም፤ አንዱ ዘንድ ከሌላው በኢምንት የሴኮንድ ሽርፍራፊ ይቀድማል። ኮምፒዩተሩ ከዚህች ልዩነት ተነሥቶ ጩኸቱ ከየትኛው አቅጣጫ እንደመጣ ያሰላል። ካሜራው ደግሞ በዚያ አቅጣጫ ያለውን ተሽከርካሪ ለይቶ ታርጋውን ይይዛል። ምትሐት የለበትም፤ ዓይናችንን ጨፍነን የተጠራንበትን አቅጣጫ በሁለት ጆሮአችን የምንለየው በዚሁ ስልት ነው።

85 ዴሲቤል ስንት ነው? የዴሲቤል መለኪያ እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ አይደመርም። 10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት 10 እጥፍ ያድጋል፤ ጆሮአችንም ሁለት እጥፍ ያህል የበረታ አድርጎ ይሰማዋል። በአውሮፓ አንድ አዲስ ሞተር ብስክሌት ለገበያ ሲፈቀድ፣ ጉልበተኛ ከሚባለው ወገን ቢሆን እንኳ፣ በመንገድ ፈተናው ከ77 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይጠበቃል። እንግዲህ ካሜራው የሚያድነው ከፋብሪካ እንደወጣ በጨዋነት የሚሄደውን ሞተር አይደለም። የሚያድነው ሆን ተብሎ የተበላሸውን ነው። የድምፅ ማፈኛው በአንድ ብሎን የሚፈታ፣ ሲፈታም ሰፈር የሚያናውጥ ማርሚታ በአደባባይ ይሸጣል፤ «ለውድድር ሜዳ ብቻ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ገዢውም ሻጩም የውድድር ሜዳው የኛ መንገድ እንደሆነ ያውቃሉ።

ብሩይፓሪፍ እንደሚገምተው እንዲህ ያለ አንድ ስኩተር ሌሊት ፓሪስን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ እስከ 10,000 ሰው ሊቀሰቅስ ይችላል። አንድ ሰው፣ በአንድ ግልቢያ፣ የአንድ ትንሽ ከተማን ሕዝብ ያህል ከእንቅልፉ ያስነሣል ማለት ነው። በታሪክ ይህን ያህል ሥልጣን የነበራቸው ነገሥታት ነበሩ፤ እነሱም ነጋሪት የሚያስጐስሙት ለክተት ወይም ለዐዋጅ ነበር። የዛሬው ነጋሪት ጐሳሚ ግን የሚያውጀው ምንም የለውም፤ «አለሁ» ብቻ ነው የሚለው።

«ጩኸት ምን ያደርጋል? ይለመዳል» የሚሉ አሉ። ጆሮ ይለምድ ይሆናል፤ ልብ ግን አይለምድም። የተኛ ሰው ባይነቃ እንኳ ጩኸት ሲደርሰው የልቡ ምት ይጨምራል፣ የደም ግፊቱ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በምዕራብ አውሮፓ ብቻ በትራፊክ ድምፅ ምክንያት በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ሚሊዮን የጤና ዓመታት እንደሚጠፉ አስልቷል። በ2018 ደግሞ የሌሊት የመንገድ ድምፅ በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ቅንጦት አይደለም። ስለ ልብ ሕመም፣ ስለ ደም ግፊት፣ በክፍል ውስጥ ስለሚያንቀላፉ ልጆች ነው።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት ያገራችን ሴት ትኖራለች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ሠራተኛ ሳይገባ ቢሮ የምታጸዳ ናት። እሷ የምትተኛው ሌላው ሕዝብ እራት ሲቀርብለት ነው። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተገናኝተን ስለ ጩኸቱ ሳነሣባት፣ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ደሞዜን የማገኘው በጉልበቴ ነው፤ ጉልበቴን ደግሞ የማገኘው በእንቅልፌ። እንቅልፌን የሰረቀኝ ምኔን ተወልኝ?» አለችኝ። እኔ በሰባት ገጽ የምጽፈውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

የክርክሬ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ጸጥታ የሀብታም ንብረት ሆኗል። ገንዘብ ያለው ሰው ድርብ መስታወት ያስገጥማል፤ ወደ ግቢው የሚመለከት መኝታ ቤት ይከራያል፤ ካልሆነም ገጠር ቤት ገዝቶ ዓርብ ማታ ይሸሻል። ድኻው ግን በአንድ መስታወት መስኮት፣ በጎዳና ዳር፣ በበጋ ሙቀት መስኮቱን ከፍቶ ይተኛል። ስለዚህ «መንግሥት በጩኸት ጉዳይ ጣልቃ አይግባ» ማለት በተግባር «ጸጥታ ለገዛው ይሁን» ማለት ነው። ነጻነት በሚል ስም የሚቀርበው ይህ ክርክር የአንዱን የመጮኽ ነጻነት ሲያስከብር የአሥር ሺሁን የመተኛት ነጻነት ይውጣል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው። መስኮቴን የሚነቀንቀው ሞተረኛ የናቀው መስታወቱን አይደለም።

አሁን ወደ እኚያ አባት ጥያቄ ልመለስ። ጆሮ ጠቢ የምንለው ሰው የሚጠባው ወተት ሳይሆን ቃል ነበር። የሚፈልገው ማን ምን እንዳለ፣ ከማን ጋር እንዳለ፣ በምን ዜማ እንዳለ ነው። የሚያሳድደው ሹክሹክታን ነው፤ ጮኾ ከሚፎክር ይልቅ በለሆሳስ የሚያወራ ያስጨንቀዋል። ማንነቱ አይታወቅም፤ ያልነውን ይጨምርበታል፣ ያላልነውን ይፈጥርልናል። ያቀረበውን ክስ መርምሮ መሟገቻ ሸንጎ አልነበረም። ይህ መሣሪያ ግን የሚለካው የቃልን ትርጉም አይደለም፣ የጩኸትን መጠን ነው። በሹክሹክታ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። በአደባባይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ወሰኑ በሕግ ተጽፎ ይታወቃል፤ የለካው ቁጥርም በፍርድ ቤት ሊመረመር ይችላል። ጆሮ ጠቢ የዝምተኛው ጠላት ነበር፤ ይህኛው የዝምተኛው ጠበቃ ነው።

ይሁን እንጂ እኚህ አባት ተሳስተዋል ብዬ አላልፍም። ማይክሮፎን ማይክሮፎን ነው። ዛሬ ለማርሚታ የተሰቀለ ጆሮ ነገ ለሰላማዊ ሰልፍ መፈክር ቢከፈት የሚያግደው የመሣሪያው ጠባይ ሳይሆን ሕጉ ነው። ይህን የሚረሳ ምሁር ያለፈበትን ታሪክ የረሳ ነው። ስለዚህ ድጋፌ በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነው፤ ቅድመ ሁኔታዎቹን ወደ መጨረሻው እዘረዝራለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ፖሊስ የለም ወይ? ለምን በፖሊስ አይያዙም?» የሚል ነው። ማርሚታ መቀየርን የሚከለክል ሕግ ካሜራው ሳይታሰብም ነበረ። የጎደለው አስፈጻሚ ነው። አንድ ፖሊስ ሞተረኛውን አስቁሞ፣ የድምፅ መለኪያ ይዞ፣ በሥርዓቱ ለክቶ መክሰስ አለበት፤ ሞተሩ ግን በሁለት ሴኮንድ ጠፍቷል። ሌላም ነገር አለ፤ እኛ ጥቁሮች ደግሞ ልንዘነጋው አይገባም። በፈረንሳይ የመብት ተከላካይ የተባለው ነጻ ተቋም በጃንዋሪ 2017 ባወጣው ጥናት፣ ጥቁር ወይም ዐረብ መስለው የሚታዩ ወጣት ወንዶች በፖሊስ የመፈተሽ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 20 እጥፍ መሆኑን ገልጿል። በጁን 2023 በናንቴር አንድ የ17 ዓመት ልጅ ለትራፊክ ቁጥጥር በተያዘበት መኪና ውስጥ በፖሊስ ጥይት ሞቷል። እንግዲህ ልጆቻችን የትኛው ይሻላቸዋል? ሽጉጥ የታጠቀ ሰው በመንገድ ላይ ፊታቸውን አይቶ ቢያስቆማቸው ነው ወይስ የመልክን ቀለም የማያውቅ ማይክሮፎን ደብዳቤ ቢልክላቸው? እኔ ደብዳቤውን እመርጣለሁ። ደብዳቤ ይግባኝ ይባልበታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከቤተ ዘመዴ የመጣ ነው። የእኅቴ ልጅ በሞተር ምግብ እያመላለሰ ነው የሚኖረው። የእሱም ማርሚታ ንጹሕ አይደለም። ስገሥጸው፣ «ጋሼ፣ ይኼ ድምፅ ባይኖር እኮ ባለ መኪናው ሁሉ ይጨፈልቀኛል» አለኝ። የዓለም ሞተረኞች ሁሉ መከራከሪያ ይህ ነው፤ በፊዚክስ ግን አይጸናም። ማርሚታ የሚጮኸው ወደ ኋላ ነው፤ ሞተረኛውን የሚገድለው ደግሞ በአብዛኛው ከፊት ለፊቱ ያለው ወይም በመስቀለኛ መንገድ የሚታጠፍበት መኪና ነው። ሾፌሩ መስኮቱን ዘግቶ ሬዲዮ ከፍቷል። ጩኸቱን አሟልቶ የሚሰማው ባለ መኪናው ሳይሆን አራተኛ ፎቅ ላይ የተኛው ሕፃን ነው።

ልጁ ግን ሌላም ነገር ጨመረ። «135 ዩሮ ለእኔ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ለባለ ፌራሪው ግን የምሳ ሒሳብ ነው።» እዚህ ላይ ረታኝ። በለንደን የኬንሲንግተንና ቼልሲ አስተዳደር ተመሳሳይ ካሜራዎችን ያሠማራው በዋነኛነት ውድ የስፖርት መኪኖቻቸውን በሌሊት የሚያስጓሩትን ለመቅጣት ነው። ለእነዚህ ሰዎች እኩል ቅጣት ቅጣት አይደለም፤ የመጮኺያ ፈቃድ መግዣ ነው። በኒውዮርክ ቅጣቱ ከ800 ዶላር ይጀምራል፤ እሱም ቢሆን አንዱን ቤት ያፈርሳል፣ ሌላውን አይቆነጥጥም። ፊንላንድ የፍጥነት ቅጣትን በአጥፊው ገቢ ልክ ታሰላለች። በፍጥነት የተቻለው በጩኸት የማይቻልበት ምክንያት የለም። ካሜራውን መቃወም ሳይሆን ቅጣቱን ማስተካከል ነው መልሱ።

ከዚህ ላይ አገር ቤት ደርሰን እንመለስ። የአዲስ አበባ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በተለየ ፈቃድ ከሚንቀሳቀሱ ጥቂቶች በቀር፣ ሞተር ብስክሌት በከተማው እንዳይንቀሳቀስ አገደ። ምክንያቱ ጩኸት አልነበረም፤ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። ትምህርቱ ግን ለሁሉም ይሠራል። አጥፊውን ለይቶ መያዝ ያልቻለ መንግሥት ሁሉንም ያግዳል። ቦርሳ የነጠቀው ሌባና እንጀራውን በሞተር የሚያበስለው ጎልማሳ በአንድ ማስታወቂያ ተቀጡ፤ «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል» ማለት ይህ ነው። የአውሮፓም እጅ ከዚህ የራቀ አይደለም። የኦስትሪያ ቲሮል ግዛት በ2020 በጋ በአንዳንድ ተራራማ መንገዶቿ ላይ በመዝገባቸው ከ95 ዴሲቤል በላይ የተጻፈባቸውን ሞተሮች በጠቅላላ አግዳለች፤ በጸጥታ የሚነዳውም በእርጋታ የሚያልፈውም ከጯኺው ጋር አብሮ ቀረ። ለይቶ የሚያይ መሣሪያ የፍትሕ መሣሪያ ነው የምለው ስለዚህ ነው። ጅምላ ቅጣት የሰነፍ መንግሥት ሥራ ነው።

በአገራችን ያለው ሕግም ቢሆን ከወረቀት ያነሰ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300/1995 ለድምፅ ከፍተኛ ወሰን እንዲወጣ ያዛል፤ የወጣውም ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ቁጥሩን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም። የማይለካ ወሰን ወሰን አይደለም፤ ምኞት ነው።

እዚህ ፈረንሳይ ደግሞ ወሰኑም መሣሪያውም ተገኝቶ የታጣው ወኔ ነው። የሁለት እግር ተሽከርካሪዎች የቴክኒክ ምርመራ እንዴት እንደተጀመረ ማስታወስ ይበቃል። መንግሥት በኦገስት 2021 ደንቡን አወጣ፤ የሞተረኞች ቁጣ ሲሰማ ወዲያው አቆመው። በኦክቶበር 2022 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መንግሥት ደንቡን የሻረበትን ውሳኔ ውድቅ አደረገ። ምርመራው የተጀመረው ኤፕሪል 2024 ነው። የድምፅ ካሜራውም በዚሁ መንገድ ነው የተጓዘው፤ ያለ ቅጣት የሚካሄደው ሙከራ በወራት ያልቃል ተብሎ ነበር፤ የመለኪያው ማረጋገጫ ጉዳይ እየተነሣ ቀኑ ደጋግሞ ተራዘመ። ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሞተረኛው ማኅበር አለው፣ ሞተር አለው፣ ጎዳና ይዘጋል፤ የተኛ ሰው ግን ሰልፍ አይወጣም። ፖለቲከኛውም የሚሰማው የሚጮኸውን ብቻ ነው። ጩኸትን እንዲቈጣጠር የመረጥነው ሰው ራሱ ለጩኸት ተገዛ።

ቃል በገባሁት መሠረት ቅድመ ሁኔታዎቼ እነሆ።

አንደኛ፣ መሣሪያው ከወሰኑ በታች ያለውን ድምፅ ሁሉ ወዲያውኑ ይደምስስ፤ የሰው ንግግር በምንም መልኩ እንዳይቀመጥ በሕግ ይደንገግ፤ ይህንንም ከፖሊስ ነጻ የሆነ አካል ይመርምር።

ሁለተኛ፣ ካሜራው የሚተከልበት ስፍራ በሌሊት ጩኸት ልኬት ይወሰን። በድኻ ሰፈር ብቻ ከተሰቀለ የፖሊሱን አድልዎ በብረት መድገም ይሆናል፤ በሀብታም ሰፈር ብቻ ከተሰቀለ ደግሞ ጸጥታን ደግመን ለሀብታም መሸጥ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ጥፋት በማስጠንቀቂያና ማርሚታውን በማስተካከያ ጊዜ ይታለፍ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቅጣት በገቢ ልክ ይሁን።

አራተኛ፣ ክሱ ነጂው ላይ አይቁም። ሕገ ወጡን ማርሚታ የሸጠውም የገጠመውም ይከሰስ። ምግቡን በየደቂቃው እያስቈጠረ የሚያስሮጠው ኩባንያም ጸጥ ያለ የኤሌክትሪክ ሞተር ለማቅረብ ይገደድ። የእኅቴ ልጅ የሚጮኸው ስለወደደ ብቻ አይደለም፤ ያሮጌ ሞተር ማርሚታ ስለረከሰም ነው።

እነዚህ አራቱ ከተሟሉ ካሜራው ጆሮ ጠቢ አይሆንም። ካልተሟሉ ግን ከእኚያ አባት ጋር ቆሜ እኔም «አውርዱት» እላለሁ።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለእኚያ አዛውንት ደውዬ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ። «እኛ እስር ቤት ሳለን ሌሊት የምንፈራው የመኪና ድምፅ ነበር። በሩ ላይ ሲቆም ማን ሊጠራ ነው እያልን ልባችን ይቆም ነበር። አሁንም ያ ሞተር በመስኮቴ ሥር ሲያጓራ ብድግ ብዬ እቀመጣለሁ። የት እንዳለሁ እስካውቅ ድረስ ጥቂት ጊዜ ይወስድብኛል።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «አራቱን ነገር አጥብቀህ ጻፍ» አሉኝ።

አጥብቄ ጽፌአለሁ። ቸር እንቅልፍ ለሁላችንም።